የደሴቲቱ መርዶ

ለዩኒቨርሲቲው ድንጋይ ላጠና ነበር የሄድኩት፤ ለቤተሰቤ ግን መርዶ ነጋሪ ነበርኩ። ፈረንጅ ራቁቱን ተዘርሮ ፀሐይ ወደሚሞቅበት ደሴት መርዶ ይዞ የሄደ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል፤ የምናወራው አናጣም።

እናታችን የሞተችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሕመሟ ብዙ አልቆየም። ሐኪሞቹ ስለ ኩላሊቷ የነገሩንን ገና በቅጡ ሳንረዳ ቀበርናት። ቤታችን ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ነው፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ፤ የእድሩ ድንኳን የተተከለውም የአንዱን ሆቴል አጥር ተጠግቶ ነበር። ቅዳሜ ሠርገኛ ሲመጣ ሙዚቃው አጥሩን ዘሎ ለቀስተኛው መሃል ይገባል። የሆቴሉ ሰዎች ጨዋ ናቸው፣ ሄደን ስንነግራቸው ድምፁን ቀነሱልን። ቢሆንም ሠርግ ሠርግ ነው። እኛ አንገታችንን ደፍተን ተቀምጠን ከበሮው በወንበሩ እግር በኩል ይሰማን ነበር።

በዚያ ሁሉ መሃል የቤተሰቡ ጭንቀት እሁድ ነበር። እሁድ እህቴ ትደውላለች።

እህቴ ታላቄ ናት። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። አሠሪዎቿ ወደ ግሪክ ሲሻገሩ አብረው ወሰዷት፣ እነሱ ሲመለሱ እሷ ቀረች። አሁን ሚሎስ በምትባል ደሴት ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሚሎስ ከባሕር ውስጥ የወጣች እሳተ ገሞራ ናት፤ ዓለም የሚያውቃት ግን በባሕር ዳርቻዎቿ ነው። እህቴ ከወጣች ወዲህ አገሯን አላየችም። መጀመሪያ ወረቀት አልነበራትም፣ ወረቀቱን ስታገኝ ደግሞ "ለሚቀጥለው ዓመት" የሚባለው በሽታ ያዛት። ከእናቴ ጋር የቀራቸው የእሁዱ ስልክ ብቻ ነበር። እናቴ የቪዲዮው ነገር አልገባ ብሏት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ እህቴ ያን ሁሉ ዓመት ስታይ የኖረችው የእናቷን ጆሮ ነው።

በሰልስቱ ዕለት አጎቴ ከድንኳኑ ጀርባ ሰበሰቡን። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መሃል ከተማ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ በቤታችን ደግሞ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። እሁድ ምን እንበላት ስንላቸው መልሱን አስቀድመው ቆርጠውት ነበር።

"በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ በስልክ?" አሉ። "ወገቧን ማን ይይዝላታል? አይነገርም። ዝም አይነቅዝም።"

ለማያውቀው ሰው ጭካኔ ይመስል ይሆናል። እኛ ዘንድ መርዶ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ጎህ ሲቀድ፣ ተረጂው እህል ሳይቀምስ፣ ከደጅ ሳይወጣ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። የሚወድቅ ሰው የሚወድቅበት ክንድ ይፈልጋል። ይህን ያኔም አምንበት ነበር፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ችግሩ ክንዱ ሐዋሳ፣ ወዳቂዋ ሚሎስ መሆናቸው ነበር።

ስለዚህ እናቴ ጠበል ገባች። ሩቅ ገዳም፣ ኔትወርክ የማይደርስበት፣ ስልክ መያዝ የተከለከለበት። ስልኩን እንዳነሳ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። "ሲያወራ ውሎ የሚከፈለው ሰው አለን አይደል" አሉ አጎቴ፤ መምህርነቴን ነው።

በመጀመሪያው እሁድ እህቴ እማዬስ ስትለኝ ጠበል ሄዳለች አልኳት። ለእኔ ሳትነግረኝ አለች። ድንገት ተነሥታ ነው አልኩ። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታውን የምሞላበት ስላጣሁ ስልኩን እንደያዝኩ ከቤት ወጥቼ ወደ ሐይቁ ወረድኩና ካሜራውን አዞርኩላት። ጀልባዎቹን፣ ቄጠማውን፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣልላቸው የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ አሳየኋት። ማዶ ያሉትን ተራሮች አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችና "ሐይቁ ሞልቷል" ብቻ አለች። ተሳካልኝ ብዬ ተነፈስኩ። ከዚያ ወዲያ እሁድ ስልኩ ሲጮህ እግሬ ራሱ ወደ ሐይቁ ይሄድ ጀመር። ያን ክረምት ያላሳየኋት የሐይቅ ጥግ የለም።

አባቴ ከእኔ የባሰ ነበር። ለሐዘኑ ጢሙን አሳድጓል፣ ተላጨው አንለው ነገር ሐዘን ነው። እህቴ አባዬን አሳየኝ ስትል በሐዋሳ ሙቀት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ብርድ መታኝ ይላታል። እሷም ዝንጅብል አፍላለት ትለኛለች። በዚያ ሐዘን ውስጥ ስቀን ከሆነ የሳቅነው በዚህ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ጋቢውን አያወርደውም ነበር፤ እንደተከናነበ ይቆያል።

ወደ ደሴቲቱ የመሄዱ ነገር የቆየ ነው። የማስተምረው ስለ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ታቦር ተራራ ላይ አውጥቼ፣ ይሄ ሐይቅ የተኛው ጥንት እሳተ ገሞራ ተንዶ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው እላቸዋለሁ፤ እነሱ ሐይቁን ከኋላ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ሚሎስ ላይ ለመምህራን የመስክ ሥልጠና እንዳለ ሰምቼ ያመለከትኩት እናቴ በሕይወት ሳለች ነው። እውነቱን ለመናገር ከድንጋዩ ይልቅ እህቴን ብዬ ነው። እናቴ ስትሰማ እጄን ይዛ "ዓይኔ ሆነህ እያት" ብላኝ ነበር። ተቀብለንሃል የሚለው መልስ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፣ እሷ አፈር ከለበሰች በኋላ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" አሉ። ከዚያ አስቀምጠው ደንቡን አስተማሩኝ። ጎህ ሲቀድ ይሁን። ሳትበላ ይሁን። ቢቻል አንድ የአገር ሰው አጠገብህ አድርግ። ቆመህ ንገራት፣ መርዶ ተቀምጦ አይነገርም። ራሷን ከግድግዳ እንዳታጋጭ ወዲያው ወገቧን ያዝ። ጥቁር ሸሚዝ እንዳትረሳ። ሁሉንም ፈተና እንዳለበት ተማሪ በቃሌ ያዝኩ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሄድኩ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ የተነሣው መርከብ ደሴቲቱ ሲደርስ ወደቡ ላይ ቆማ አየኋት። በስልክ ላይ ትልቅ ሴት ትመስለኝ ነበር፣ በአካል ትንሽ ናት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳቀች፣ ከዚያ ራቅ አድርጋ አየችኝና መላጣ ሆነሃል ለካ፣ በስልክ ስትደብቀኝ የከረምከው ይሄን ነው አለችኝ። "ስትደብቀኝ" ስትል ዓይኔን ወደ መርከቡ መለስኩ። እሷ ግን ሻንጣዬን አንጠልጥላ ቀድማኝ መንገድ ጀምራለች። ስለ እማዬ አልጠየቀችኝም። ማታም ራት ላይ አልጠየቀችም። ስለ አባዬ ብርድ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ አዲሱ አስፋልት ጠየቀችኝ። ተመስገን አልኩ፣ እኔ ጅሉ።

የምትኖረው ከሆቴሉ ጀርባ፣ ለሠራተኞች በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋውን ለእኔ ለቃ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈች። ታላቄ ነሽ፣ አይሆንም ብል ማን ሊሰማኝ። ጠዋት ጠዋት እኔ ከሠልጣኞቹ ጋር ድንጋይ ሳንኳኳ እውላለሁ፤ ከሰዓት እሷ ከሥራ ስትወጣ ባሕር ዳር ትወስደኛለች። እርጎ የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ የድንጋይ ዳርቻ አለ። ቀይ ገደል ያለበት አለ፣ ጥቁር ጠጠር ያለበት አለ፣ ተራራው ላይ ደግሞ ባልጩት በጥቋቁር ስባሪ ተዘርቶ ይገኛል። እኛ ስንሸሸው የኖርነውን ፀሐይ እነሱ አውሮፕላን ተሳፍረው መጥተው ይጠበሱበታል። ሰው ሁሉ ደስ ያለው ነው የሚመስለው። በዚያ መሃል እኔ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ሆዴ ውስጥ ሬሳ ይዤ እሄዳለሁ። እህቴን ዋኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ባሕሩን የማውቀው ከእንግዶች ፎጣ ላይ በማራግፈው አሸዋ ነው አለችኝ።

በየማታው ነገ ጎህ ሲቀድ እነግራታለሁ እላለሁ። አንዱን ቀን ሥራ የምትገባው ማልዳ ሆነ። ሌላውን ቀን እንቅልፏን ሳያት አሳዘነችኝ። በሌላው ቀን ስነቃ ዳቦ በሻይ እየበላች አገኘኋት፤ እህል ቀምሳለች፣ ደንቡ አይፈቅድም ብዬ በልቤ ደንቡን መረቅኩት። የአገር ሰውም ፈልጌ ነበር። አንዲት ነበረች አሉ፣ ወደ አቴንስ ሄዳለች። አጎቴ ጋ ደውዬ እዚህ የሚይዝ ክንድ የለም አልኳቸው። ያንተ ሁለቱ ምን ሆኑ አሉኝ።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ጥቁር ጠጠር ያለበት ዳርቻ ላይ ተቀምጠን፣ እህቴ ከጠጠሩ መሃል አንድ ነጭ ድንጋይ አነሣች። ቀዳዳ የበዛበት፣ በእሳተ ገሞራ አረፋ የተሠራ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው። ሐዋሳም ሞልቷል። እናቴ ተረከዟን የምትፈትገው በሱ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ እየፈተገች፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው ትላለች፣ የምታስቀድሰው በተረከዟ ይመስል። እህቴ ድንጋዩን ባሕሩ ላይ ጣል አድርጋ ሲንሳፈፍ አየችው። ከዚያ አንሥታ ኪሷ ከተተችው። አሁን ለእማዬ ውሰድላት ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። ማታ ሻንጣዬን ስታሰናዳልኝም ለአባዬ ሹራብ፣ ለአጎቴ ኮፍያ፣ ለልጆቼ ቸኮሌት አለ። ለእማዬ የሚሆን ምንም አልነበረም። ይህን አይቼ እንኳ አልገባኝም።

መርከቤ የሚነሣው ጠዋት ነበርና ሌላ ጎህ አልቀረኝም። ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጥቁሩን ሸሚዝ ለበስኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜ የምለውን ተለማመድኩ። ስወጣ የእህቴ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል፣ በሩም ተከፍቷል። ተከትያት ወጣሁ። ከክፍሏ በታች ባለው ዳርቻ ላይ፣ ፊቷን ወደ ክፍሉ አዙራ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ወገቧን በሻሽ ታጥቃለች።

"ብቻህን ነህ?" አለችኝ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው ንገረኝ። ቆመህ።"

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። "ንገረኝ ወንድሜ" አለች፣ "ሳይነገረኝ ልቀብራት አልቻልኩም።"

እማዬ አርፋለች አልኩ። እንደታዘዝኩትም ዘልዬ ወገቧን ያዝኩ። እሷ ግን አልወደቀችም። እንደ ምሰሶ ቆማለች። የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ ጠጠሩ ላይ ሳልደርስ በሁለት እጇ ወገቤን ይዛ አቆመችኝ። በድንኳኑ ውስጥ፣ በቀብሩ ላይ፣ ሰው ፊት ያላለቀስኩትን ለቅሶ እዚያ አለቀስኩት። ከውሻው ጋር የሚሮጥ አንድ ሽማግሌ አየንና ራቅ ብሎ አለፈ። ስጨርስ እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ከዚያ ነገረችኝ። ያወቀችው በመጀመሪያው እሁድ ነው። ከተወለድክ ጀምሮ ሐይቅ አሳይተኸኝ ታውቃለህ፣ ስልክ ይዘህ ሁለት ደቂቃ የማትቆም ሰውዬ አለችኝ። የአባዬን ጋቢ ስታይ ደግሞ ጥርጣሬዋ አለቀ። ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት። ብጠይቅህ ትዋሻለህ፣ አፍ አውጥተህ ከዋሸኸኝ ደግሞ አንተንም አጣለሁ ብዬ ፈራሁ አለች። በየእሁዱ ዛሬ ይነግረኛል እያለች ሐይቁን ታያለች።

የት ስታለቅሺ ከረምሽ አልኳት።

"እንግዳ የወጣበት ክፍል ገብቼ እዘጋለሁ" አለች። "የምንጣፍ መጥረጊያውን ማሽን እከፍተዋለሁ። ማሽኑ ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ። ሰው አይሰማም። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ነበርኩ። አሁን አንተ መጥተህ ስትነግረኝ የማለቅሰው አለቀብኝ።"

በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ወገቧን የሚይዝ ሳይኖር፤ የፈራንላት ነገር በሙሉ ደርሶባታል፣ ያደረስንባትም እኛው ነን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ ውስጡን በልቶ ሲጨርስ ነው የሚታየው።

ከኪሷ ያን ነጭ ድንጋይ አውጥታ መቃብሯ ላይ አስቀምጥልኝ ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ አስማለችኝ። "ከእንግዲህ ማንም ይሁን፣ ሲታመምም ሲሞትም፣ ዕለቱን ትነግረኛለህ። በስልክ። በእማዬ አፅም ማል።" ማልኩ። ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች፣ ሽርጧን አደረገች፣ ሥራ ሰዓቷ ደርሶ ነበርና ወደ ሆቴሉ ሄደች። ወደብ ድረስ የሸኘኝ ሰው የለም።

ሐዋሳ ስደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የሚጠይቁኝ አለቀሰች ወይ ብለው ነው። በደንብ አለቀሰች፣ ይዣት ነበር አልኩ። ሴቶቹ ተመስገን፣ ወጣላት አሉ። አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አባቴ ብቻ ወደ ሐይቁ ስወርድ ተከትሎኝ መጥቶ ማን ያዛት አለኝ። እሷ ናት የያዘችኝ አልኩት። በዚያው ሳምንት ጢሙን ተላጨ።

ከዚያ በኋላ የእሁዱ ስልክ ሌላ ሆነ። እህቴ ደህና ነን የሚለውን ቃል አትቀበልም። አባዬን አሳየኝ ትላለች። ይቁም ትላለች። ይራመድ ትላለች። አባቴም እንደ ምልምል ወታደር በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይልላታል፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ ይቀልዳል። እሷ አትስቅም፣ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አረማመዱን ትመረምራለች። አንዳንዴ ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙር ትለዋለች። ጎረቤት ቢያይ ያበደ ቤተሰብ ይለን ነበር።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ አባቴ ያስለው ጀመር። ጋቢውን አሁን የሚከናነበው የእውነት በርዶት ነው። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ ካየ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ አባትህ ቤቱ ሆኖ ቢታከም ይሻላል አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። አጎቴ ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሼ እኔ ዘንድሮ አልዋሽም አልኳቸው፣ ከፍ ባለ ድምፅ። በሕይወቴ እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። አልተቆጡኝም። የአልጋውን ጫፍ ይዘው ቆሙ።

የጨረሰኝ አባቴ ነው። ከአልጋው ላይ እጁን ዘርግቶ ክንዴን ያዘ።

"ልጄ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣብኝ" አለ። "ስድን እኔው እነግራታለሁ። አትንገራት።"

እሺ አልኩት። ምን ልበለው። ሌሊት ተኝቼ ግን ለአንዱ የማልኩት ለሌላው ክህደት ሆኖ አገኘሁት። በመጨረሻ እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ። መሐላ መሐላ ነው፣ እሱም ይቅር ይለኛል ብዬ ወሰንኩ።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። እህቴ ሥራ ላይ ነበረች፣ እንግዳ በወጣበት ክፍል ውስጥ፤ ከኋላዋ ያልተነጠፈ አልጋ ይታያል። እንዴት ናችሁ ሳትል "አባዬስ?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት አባቴ በመስኮቱ ወዲያ ሲያስል ሰማሁት፤ እንዳይሰማ አፉን በጋቢ አፍኖ ነው የሚያስለው። ድምፁ እንዳይደርሳት ብዬ ከመስኮቱ ራቅ አልኩ። ትንሽ ስሄድ በሩ ጋ ደረስኩ። ከዚያ መንገዱ ጋ። የምናገረውን እያሰብኩ ነበር የምሄደው፣ በእውነት እያሰብኩ ነበር። ስነቃ ውሃው ፊት ቆሜአለሁ፤ ስልኩን አዙሬዋለሁ። ጀልባ፣ ቄጠማ፣ አባ ኮዳ።

ሐይቁ ሞልቷል አላለችም። ስልኩን መልሼ ወደ ፊቴ ሳዞረው እሷ የራሷን አልጋው ላይ አስቀምጣው ኖሮ የሚታየኝ የክፍሉ ጣራ ብቻ ነው። ስሟን ጠራሁ። በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ የማሽኑ ድምፅ ተነሣ።